ዝም የሚል ሳጥን

የባወርስ ኤንድ ዊልኪንስን 801 ዲ4 ስፒከር ጎን በጣት አንጓ ቢያንኳኩት የሚመለሰው ድምፅ አጭርና ደረቅ ነው። ከታች ቢያንኳኩም ከላይ ቢያንኳኩም ልዩነቱ ጥቂት ነው። ማሲንቆ የሚሠራ ሰው ገላው ከቆዳው ጋር አብሮ እንዲጮኽ ይፈልጋል፤ ስፒከር የሚሠራ ሰው ግን ሳጥኑ ከራሱ ምንም እንዳይጨምር ይደክማል። ፊልም ላይ ተዋናይዋ በረጅሙ ስትተነፍስ መሰማት ያለበት ትንፋሿ ነው። እንጨቱ አብሯት ከተነፈሰ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ኩባንያውን ጆን ባወርስና ሮይ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ዎርዚንግ ከተማ ውስጥ መሠረቱት። የመጀመሪያው 801 በ1979 ወጣ። የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀረጻዎቹን በዚሁ ቤተሰብ ስፒከሮች ሲያዳምጥ ኖሯል። ዲ4 የተባለው ትውልድ የ2021 ነው። 801 ዲ4 ቁመቱ 122፣ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 100 ኪሎ ነው። ጥንዱ በመኪና ዋጋ ይሸጣል። የማይገዛውም ሰው ቢሆን አሠራሩን ቢያውቅ አይጎዳም፤ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥን ስፒከር መርምሮ ለመምረጥም ዓይን ይሰጣል።

ከሳጥኑ እንጀምር። ሳጥኑ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ግን ተገዝቶ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ኮምፔንሳቶ አይደለም። ቢች ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ የተላጡ ስስ የእንጨት ንጣፎች በመካከላቸው ኮላ እየተቀባ ይደራረባሉ፤ ከዚያ በጋለ መጫኛ ውስጥ ተጨምቀው ተቆልምመው ይወጣሉ። ጠፍጣፋ ጣውላ መሃሉ ላይ ሲገፉት ይረግባል። የተቆለመመ ግን ግፊቱን ወደ ዳርና ዳር ያስተላልፈዋል፤ ውፍረት ሳይጨመርበት ይጠነክራል። እስከ 2015 ድረስ ቆልማማው ጎን በስተኋላ ነበር። በዚያ ዓመት ሳጥኑን አዞሩት። አሁን ፊቱና ሁለቱ ጎኖቹ አንድ ሳይቋረጥ የሚታጠፍ ቁራጭ ናቸው፤ ጀርባውን የሚዘጋው አልሙኒየም ነው። ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። ጉልበቱ የሚወጣው ድምፁን የሚያወጡት ሾጣጣዎች ከታሰሩበት ከፊት ስለሆነ መጠንከር ያለበት ፊቱ ነው። የጀርባው አልሙኒየምም ሥራ አልፈታም፤ ድምፁን ለየድርሻው የሚከፋፍለው ክሮስኦቨር እሱ ላይ ታስሮ ሙቀቱን በዚያ በኩል ያስወጣል።

በውስጡ ደግሞ ማትሪክስ የሚሉት አለ። ቁመት ለቁመትና አግድም የቆሙ ወፍራም ጣውላዎች በተቀደደላቸው ስንጥቅ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። የትኛውም ጎን ረጅም ርቀት ያለ ደጋፊ አይሄድም። አናቱን አልሙኒየም ይሸፍነዋል፤ በላዩ ላይ ኮኖሊ የተባለው የእንግሊዝ ቆዳ ተለብጧል። ቆዳው ለጌጥ ነው፤ አልሙኒየሙ ግን ለሥራ ነው።

ጭንቅላቱ ለብቻው ይታይ። መካከለኛውን ድምፅ፣ ማለትም የሰውን ንግግር አብዛኛውን ክፍል የሚያወጣው 15 ሳንቲ ሜትር ሾጣጣ፣ ከሳጥኑ ተነጥሎ በአንድ ወጥ የአልሙኒየም ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የቤቱ ውስጥ ከመሃል ወደ ዳር በሚሄዱ ክንፎች ተወጥሯል። ከሥሩ ካለው ሳጥን ጋር የሚገናኘው ልል በሆነ ማስያዣ ነው፤ ስለዚህ ቤዙ ሲመታ ንዝረቱ ወደ ንግግሩ አይወጣም። ሾጣጣው ዳሩ ላይ የተለመደውን የጎማ ጥቅል የለበሰ አይደለም፤ ቀጭን የስፖንጅ ቀለበት ብቻ ነው ያለው። ከኋላ መሃሉ ላይ የሚያቆመው ነገርም ተለውጧል። በሌሎች ስፒከሮች ያን ሥራ የሚሠራው የተሸበሸበ ክብ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አየር ይገፋል፣ ራሱም ይሰማል። እዚህ ጨርቁ ቀርቶ ጥቂት ቀጫጭን እግሮች ተተክተዋል። በመካከላቸው አየር ሳይገፋ ያልፋል። ለእኔ ከስፒከሩ ሁሉ የበለጠው ሥራ ይህ ነው፤ ከውጭ ግን ጨርሶ አይታይም።

ከሁሉም በላይ ያለው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ቤቱ ከድፍን አልሙኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ከኋላው እየቀጠነ የሚሄድ ቱቦ አለ፤ ወደ ኋላ የሚወጣው ድምፅ እዚያ ገብቶ ይጠፋል። ድምፁን የምታወጣው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጉልላት አልማዝ ናት። ከጋዝ ውስጥ በሙቀት ቀስ እያለች የምታድግ ሰው ሠራሽ አልማዝ ናት። ኩባንያው እንደሚለው ቅርጿ መበላሸት የሚጀምረው በሰከንድ ወደ 70 ሺህ ጊዜ ስትርገበገብ ነው፤ የሰው ጆሮ 20 ሺህ ላይ ያበቃል። አልማዝ ደግሞ ጠንካራ እንጂ የማይሰበር አይደለም። የልጅ ጣት ይበቃታል። የፊት መረቧ መነቀል የሌለበት ለዚህ ነው።

ቤዙን ሁለት 25 ሳንቲ ሜትር ሾጣጣዎች ይሠሩታል። ፊትና ኋላቸው ካርቦን ፋይበር፣ መሃላቸው ጠጣር አረፋ ሲሆን ውፍረታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሳጥኑ አየር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ወደ ታች፣ ወደ ራሱ መቆሚያ ይከፈታል። የቀዳዳው ከንፈር እንደ ጎልፍ ኳስ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው፤ የሚያልፈው አየር እንዳያፏጭ ነው።

እስከዚህ ያለው የፋብሪካው ድርሻ ነው። አንድ መገጣጠሚያ ቀርቷል፤ ሳጥኑና ክፍሉ የሚገናኙበት። ያንን የሚገጥመው ገዢው ነው፤ መሣሪያዎቹም ሜትር፣ ውሃ ልክና ገመድ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ምርጫው ይለቅ። ለቤት ውስጥ ሲኒማ ሁለት ስፒከር አይበቃም፤ ንግግሩ በአብዛኛው ከመሃል ይመጣል። ብዙዎቹ የመሃል ስፒከሮች ሁለት ሾጣጣ ግራና ቀኝ፣ ትዊተር መካከል አድርገው ይጋደማሉ። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ደህና ናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ግን የሁለቱ ሾጣጣ ድምፅ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ከፊሉ ይጣፋል፤ የንግግሩ አካል ይሳሳል። የ801 ባልንጀራ የሆነው ኤችቲኤም81 ዲ4 ሁለቱን ቤዞች ወደ ጎንና ጎን አርቆ መካከለኛውንና ትዊተሩን አንዱን በአንዱ ላይ አቁሟል። ሌላ ብራንድ የሚገዛ ሰውም ቢሆን ይህን አቀማመጥ ይፈልግ። ከፊት ያሉት ሦስቱም ከአንድ ቤተሰብ ይሁኑ፤ አለዚያ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ሞተሩን ይቀይራል።

ቦታው በማዕዘን ይለካል። ግራና ቀኞቹ ከመቀመጫው መሃል መስመር ከ22 እስከ 30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ይሆናሉ። በ30 ዲግሪ ከሄዱ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከጆሮ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር 3 ሜትር ከሆነ በሁለቱ መካከልም 3 ሜትር ይሆናል። የመሃሉን በቀጥታ መስመር ከመካከላቸው ቢያስቀምጡት ከጆሮ 2 ሜትር ከ60 ላይ ይገኛል። በ40 ሳንቲ ሜትር ይቀድማል ማለት ነው። ድምፅ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ቢያንስም ይሰማል። ወይ ስፒከሩን ወደ ኋላ ይገፉታል፣ ወይ ትክክለኛውን ርቀት ለሪሲቨሩ ይሞሉለታል።

ከጀርባ ግድግዳ ያለው ርቀት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከግድግዳው የሚመለሰው ቤዝ ከስፒከሩ ከሚወጣው ጋር የሚጣፋበት አንድ ቦታ አለ። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 1 ሜትር ከራቀ ይህ የድምፅ ጉድጓድ 86 ኸርዝ አካባቢ ነው። 801 ራሱ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ስለዚህ ከጀርባው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢተዉለት እንኳ ፊቱ 1 ሜትር ላይ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ደግሞ 34 ኸርዝ ላይ ራሱ ያጉረመርማል። ሶፋው የኋላ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ያ ጉርምርምታ ይበዛል፤ ልክ በክፍሉ መሃል ከሆነ ይጠፋል። ከሁለቱ መካከል መፈለግ ነው። በእኔ ግምት አራት በአራት ለሆነ ሳሎን 801 ይበዛል። ከዚያው ተከታታይ አነስተኛው 805 ዲ4 በራሱ መቆሚያ ላይ በብሎን ታስሮ ይሻላል፤ ቤዙንም ለብቻው ሰብዉፈር ይሸከመው። መቆሚያ ላይ ሳይታሰር የተቀመጠ ስፒከር ግን ሕፃን ባለበት ቤት አይፈቀድም።

የደኅንነቱ ሒሳብ ከወለሉ ይጀምራል። መቶ ኪሎ በአራት ሹል እግር ቢካፈል ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ያ ሁሉ ጫና በዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ ሴራሚክና እብነ በረድ ይሰነጥቃል፣ ፓርኬ ይበሳል። በእንደዚህ ያለ ወለል ላይ ከሥሩ የብረት ሰሃን ይደረጋል። ምንጣፍ ከሆነ ሹሉ አልፎ ጠንካራውን ወለል ይንካ፤ ምንጣፉ ላይ ብቻ ከቆመ ይወዛወዛል። መውደቅን በተመለከተ ደግሞ፣ እግሮቹ ከመሃሉ 20 ሳንቲ ሜትር የሚርቁ ከሆነ አናቱን ከጎን በ16 ኪሎ ያህል ጉልበት የገፋ ሰው ያነቃንቀዋል። መተላለፊያ ላይ አይቆምም።

የጎንና የላይ ስፒከሮች የሚሰቀሉበትም ይታይ። እኛ ሀገር የውስጥ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ክፍተት ያለው ብሎኬት ነው፤ ድሪሉ ልስኑን አልፎ ባዶ ውስጥ ይገባል፣ ተራ ፊሸርም የሚይዘው አያገኝም። ከኮለን ወይም ከቢም ላይ መብሳት፣ ካልሆነ ለክፍት ብሎኬት የተሠራ ማሰሪያ መጠቀም ይገባል። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ችፑዱ ወይም ጅብሰሙ ምንም አይሸከምም፤ ሸክሙ ከላይ ያለው ሞራሌ ላይ ይረፍ፣ ከስፒከሩም አንድ የመጠባበቂያ የብረት ሽቦ ይታሰር።

801 መቆሚያው ውስጥ ተሽከርካሪ ጎማም ሹል እግርም አለው። ይህ ለገዢው የተተወ ደግነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጎማው ላይ ይቆይ። ንግግር የሚበዛበት አንድ ትዕይንት ይመረጥና ስፒከሩ በአምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ይገፋ፤ ንግግሩ ጠርቶ ቤዙ እኩል የሚሆንበት ሲገኝ ወለሉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ምልክት ይደረግ። ከዚያ አንዱ ሰው ስፒከሩን ከሳጥኑ ይዞ (ጭንቅላቱን አይነካም)፣ ሌላው ሹሎቹን ተራ በተራ እያዞረ ያወርዳል። ውሃ ልኩ መቆሚያው ላይ በሁለት አቅጣጫ ይነበባል። ገመዱ ከየትኛውም እግር ሥር አለመግባቱ ከታየ በኋላ የመጨረሻው ዙር ይጠብቃል።