ሕግ ሳይጣስ የፈረሰ ሥርዓት፦ ማኅበራዊ ትርምስ በቺኑዋ አቼቤ ሁለት ልቦለዶች

የቺኑዋ አቼቤን የመጀመሪያ ልቦለድ ያነበበ ሰው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ነጭ መጣ፣ አገር ፈረሰ። መልሱ ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው ይህ ሥራ፣ በአማርኛ «ነገር ሲፈርስ» ብንለው ያስኬዳል፣ ርእሱን የተዋሰው አየርላንዳዊው ገጣሚ ዬትስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ከጻፈው የጥፋት ትንቢት ነውና አንባቢው ገና ከሽፋኑ ከውጭ የሚመጣ ማዕበል ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ መልስ ይዘን አቼቤ ከስድስት ዓመት በኋላ ወዳሳተመው «የአምላክ ቀስት» ስንሻገር ነው። እዚያ ነጩ ከመጣ ቆይቷል፤ ፍርድ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ቆመዋል፤ መንገድ እየተጠረገ ነው። የልቦለዱ አገር የኡሙአሮ ሕዝብ ግን አሁንም ያርሳል፣ ይድራል፣ ይከራከራል፣ አምላኩን ያመልካል። በመጨረሻ ሲፈርስ የሚያፈርሰው ጠመንጃ አይደለም፤ ሕጉን አንዲት ዝንፍ ሳያደርግ የጠበቀ ካህን ነው። ሁለቱን ልቦለዶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አቼቤ ስለ ትርምስ ያለው ሐሳብ ከተለመደው ንባብ የራቀ ሆኖ እናገኘዋለን። ለእሱ የአንድ ማኅበረሰብ ጤንነት የሚለካው ልማዱን በመጠበቁ ብቻ ሳይሆን ልማዱን ማረም በመቻሉም ነው፤ ትርምስም የሚጀምረው ይህ ማረሚያ ሲዘጋ ነው።

በመጀመሪያ ጩኸትንና ደምን ከትርምስ መለየት ያስፈልጋል፤ ሐያስያን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። የመጀመሪያው ልቦለድ አገር ኡሙኦፊያ ነጩ ሳይደርስባትም ሰላማዊ አልነበረችም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ በሰላም ሳምንት ሚስቱን ደብድቦ ይቀጣል። አረጋዊው ኤዜዱ ይህን አስመልክቶ ለጎበኙት ሰዎች የሚያወጋው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ከመጽሐፉ ታላላቅ ትዕይንቶች ሁሉ ይበልጣል፦ ቀደም ባለው ዘመን የሰላሙን ሳምንት ያፈረሰ ሰው ነፍሱ እስኪወጣ ድረስ በመንደሩ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር፤ ኋላ ግን ቅጣቱ ራሱ ሊያስከብረው የታሰበውን ሰላም የሚያደፈርስ ሆኖ በመገኘቱ ቀረ። የሽማግሌ ወግ ይመስላል፤ አንባቢም አልፎት ይሄዳል። ነገር ግን ኡሙኦፊያ ሕጓን ከዓላማው አንጻር መርምራ የምታሻሽል አገር እንደነበረች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የማሻሻያው መንገድ የተጻፈ አዋጅ ሳይሆን ጨዋታ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ኦኮንክዎ በለቅሶ ላይ ጠመንጃው ባርቆ የሟቹን የኤዜዱን ልጅ ሲገድል፣ ሰባት ዓመት ወደ እናቱ ወገን ወደ ምባንታ ሲሰደድ፣ ቤቱንም የገዛ ጓደኛው ኦቢየሪካ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲያቃጥል የምናየው ትርምስን አይደለም። ማንም ቂም አልያዘበትም፤ የረከሰችው ምድር እየነጻች ነው። ትልቁ ነገር ግን ከቃጠሎው በኋላ ይመጣል። ኦቢየሪካ ብቻውን ተቀምጦ ሰው ሳያስበው ላጠፋው ጥፋት ለምን ይህን ያህል ይቀጣል ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ መንታ ተወልደው ጫካ የተጣሉትን የራሱን ልጆችም ያስታውሳል። መልስ አያገኝም። ጥያቄው ግን ተወልዷል፤ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ እንደ ኤዜዱ ወግ አንድ ቀን ወደ ሸንጎው ይደርስ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

«ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ» የሚለው ሐረግ ግን ለሁሉም እኩል አያጽናናም። አቼቤ ታማኝ ደራሲ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አራት ጊዜ መንታ ወልዳ አራቱንም ጊዜ ልጆቿ የተጣሉባት ንኔካ የሸንጎውን መዘግየት የመታገሥ ግዴታ የለባትም፤ ለአምላክ የተሰጡ ተብለው ከሰው ተራ የወጡት ኦሱዎችም እንደዚሁ። የኦኮንክዎ ልጅ ንዎዬ ወደ ሚሲዮኑ የሚሄደው የሥላሴን ትምህርት ገብቶት አይደለም፤ ሦስት ዓመት እንደ ወንድም አብሮት የኖረው ኢኬሜፉና መገደሉና ከጫካ የሚሰማው የመንታዎቹ ለቅሶ ያቆሰሉት ልብ በመዝሙሩ ዜማ ስለረጠበ ነው። ሽማግሌው ኤዜዱ ስለ ኢኬሜፉና ያ ልጅ አባቴ ይልሃልና በሞቱ እጅህ አይኑርበት ብሎ ኦኮንክዎን መክሮት ነበር፤ ስለዚህ ማኅበረሰቡ ውስጥ ሕግና ርኅራኄን የሚለይ ሰው አልጠፋም። የጠፋው ያ ሰው ልጁን የሚያድንበት መንገድ ነው። ለኦኮንክዎ መፍረስ የሆነው ለንኔካ እፎይታ መሆኑን ልቦለዱ አይሸሽግም፤ እንዲያውም አጥቂው የገባበትን በር ማን ክፍት እንደተወው በዝርዝር ያሳያል።

የመጀመሪያው ልቦለድ ትርምስ ቀንና ሰዓት አለው። ሄኖክ የተባለው አዲስ አማኝ የአባቶች መንፈስ የሆነውን ጭምብል በአደባባይ ይገልጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይቃጠላል፤ የአውራጃው ገዢ ለንግግር ብሎ የጠራቸውን ስድስት የአገር መሪዎች በተንኮል ያስራል። ቅጣቱ ሁለት መቶ ከረጢት ዛጎል ነው፤ የፍርድ ቤቱ መልእክተኞች ግን ልዩነቱን ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ለሕዝቡ ሁለት መቶ ሃምሳ ብለው ይነግራሉ። የእነዚህ ስድስት ሰዎች ራስ መላጨቱ የሚያንገበግብ ውርደት ነው። ከውርደቱ ይልቅ ግን ማንነታቸው ሊታይ ይገባል፦ የታሰሩት ልማድን መተርጎምና ማረም የሚችሉት ሰዎች ናቸው። ከእስር ሲወጡ በተጠራው የመጨረሻ ሸንጎ ላይ መልእክተኞቹ ጉባኤው እንዲበተን ሊያዝዙ ይመጣሉ፤ ኦኮንክዎም አንዱን ይገድላል። ሕዝቡ ሌሎቹን ይለቃቸዋል። ከዚያ የሚሰማው የጦር ጩኸት ሳይሆን ለምን አደረገው የሚል ጥያቄ ነው። እኔ ይህን እንደ ፈሪነት አላነበውም። ሸንጎው ሳይወስን የተገደለ ሰው አለ፤ ኦኮንክዎ ራሱ በዚያ ምት ሸንጎውን አፍርሶታል፤ ገዢው ሊያደርገው የመጣውን እሱ ጨረሰለት። ከዚያም ኦኮንክዎ ራሱን ይሰቅላል፤ ልማዱ ራሱን ያጠፋን ሰው የገዛ ወገኑ እንዳይቀብረው ይከለክላልና በመጨረሻ አስከሬኑን የሚያወርዱት የገዢው ሰዎች ናቸው። ታሪኩን ደግሞ ገዢው ሊጽፈው ላሰበው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ያደርገዋል።

ወደ ኡሙአሮ ስንሻገር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ትርምሱም ቀን የለውም። ስድስቱ መንደሮች የአባም ባሪያ ፈንጋዮች ሲያስቸግሯቸው ተሰብስበው ኡሉ የተባለውን የጋራ አምላክ አቆሙ። ሰዎቹ አምላካቸውን ራሳቸው እንዳቆሙት አይረሱም፤ የጎረቤታቸው የአኒንታ ሰዎች የማይረዳቸውን አምላክ ወደ ወሰን ተሸክመው ወስደው እንዳቃጠሉትም ይተርካሉ። የኡሉ ሊቀ ካህናት ኤዜኡሉ በየወሩ አዲስ ጨረቃ ሲያይ ከተቀደሱት ቦዬዎች አንዱን ይበላል፤ ቦዬ የምለው በእንግሊዝኛ «ያም» የሚባለውንና የእኛም ደቡብ የሚያመርተውን ሥራ ሥር ነው። የቦዬዎቹ ተራ ሲያልቅ የአዲሱን ምርት በዓል ያውጃል፤ እሱ ሳያውጅ ማንም ከማሳው አይቆፍርም። አጽዋማትንና በዓላትን በባሕረ ሐሳብ ለሚያወጣ የእኛ አንባቢ የዘመን ቆጠራ በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ መንጠልጠሉ እንግዳ ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሁሉ ያሰላዋል፤ አንዱ ሊቅ ቢታሰር ፋሲካ አይዘገይም። በኡሙአሮ ግን ይዘገያል። ዊንተርቦተም የተባለው የአውራጃ ሹም ኤዜኡሉን የመንግሥት ባላባት ሊያደርገው ቢሮው ወዳለበት ወደ ኦክፔሪ ያስጠራዋል፤ ካህኑ ከኡሉ በቀር የማንም ሹም አልሆንም በማለቱ ይታሰራል። እዚያ ሳለ ሁለት አዲስ ጨረቃዎች ያልፋሉ፤ ሁለት ቦዬዎችም ሳይበሉ ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በአፍሪካ ልቦለድ ውስጥ ካነበብኳቸው የመፍረስ ትረካዎች ሁሉ ጸጥተኛውና አስፈሪው ነው። ኤዜኡሉ ሲመለስ የቀሩትን ቦዬዎች በየጨረቃቸው እንጂ ባንድ ላይ አልበላም ይላል። ማዕረግ ያላቸው ሽማግሎች መጥተው ብላ፣ ኃጢአቱ በእኛ ራስ ላይ ይሁን ብለው ይለምኑታል። ኡሙአሮ እንደ ጥንቷ ኡሙኦፊያ ሕግን ከዓላማው አንጻር የምትመረምርበትን በር ለመጨረሻ ጊዜ የምታንኳኳው እዚህ ላይ ነው፤ በዓሉ የቆመው ሕዝብ እንዲበላ ነውና ሕዝብ እያስራበ ሊከበር አይገባም ማለታቸው ነው። ካህኑ ኡሉን ጠይቆ አምላኩ እምቢ አለ ይላል። ዝናቡ ይቆማል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ምርቱ አፈር ውስጥ ይበላሻል። ማንም አያምፅም፤ ቤት አይቃጠልም፤ ሸንጎም አይጠራም። ጉድካንትሪ የተባለው የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ቦዬውን ለክርስቲያኖች አምላክ ያቀረበ ሰው ኡሉን ሳይፈራ ማሳውን ይቆፍር ብሎ ያስታውቃል። ሰዉም ልጁን አንድ ቦዬ አስይዞ ይልካል፤ ምርቱንም በልጁ ስም ይሰበስባል። ስድስት መንደር አንድ ላይ ሆኖ ያቆመውን አምላክ እያንዳንዱ አባወራ ለየብቻው ጥሎት ሄደ። በመጀመሪያው ልቦለድ ሸንጎው በኃይል ይበተናል፤ በሁለተኛው የሚሰበሰብለት ሰው አጥቶ ይቀራል።

አንድ ተቃውሞ ከዚህ ላይ ይነሣል። ኤዜኡሉ ሕግ ጠባቂ ሳይሆን ቂመኛ ነው፤ ወደ ኦክፔሪ ሲጠራ ተቀናቃኙ ንዋካ በሸንጎ ፊት ሲሳለቅበት ሕዝቡ ዝም ብሏል፤ የቦዬውም ነገር የበቀል ሰበብ እንጂ ሌላ አይደለም የሚሉ አሉ። ማስረጃ አያጡም። ካህኑ በእስር ላይ ሳለ በቀልን ሲያስብ፣ ደስም ሲለው እናየዋለን። ዳሩ ግን ከተመለሰ በኋላ ሕዝቡ በደግ ሲቀበለው ልቡ ወደ ዕርቅ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ የኡሉ ድምፅ ይገሥጸዋል፤ ጠቡ የአንተ ነው ያለህ ማን ነው ይለዋል። አቼቤ ያ ድምፅ የአምላክ ይሁን የቁስለኛ ኩራት አይነግረንም፤ ሆን ብሎ ያስቀረው ይመስለኛል። የሰው ቂምና የአምላክ ቃል የማይለዩበት፣ ማንም ሰው ሊለያቸው የሚችልበት ሥልጣን የሌለበት ሥርዓት ካህኑ ደግ በሆነበት ዓመት ሁሉ የቆመ ይመስላል። የካህኑን ጠባይ ጥፋተኛ ማድረግ ታዲያ ጥያቄውን ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ውድቀቱን በማኅበረሰቡ የማረም ችሎታ ከለካነው ቅኝ ገዢውን ነፃ አወጣነው፤ ተጎጂውን ወቀስነው። ይህ ክስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የአባሜ መንደርን ገበያ ከብበው ሕዝቡን የፈጁት እነማን እንደሆኑ የመጀመሪያው ልቦለድ በግልጽ ይናገራልና። የእኔ መልስ ግን ቅኝ ግዛቱ የመታው የት ላይ ነው የሚለው ነው። በኡሙኦፊያ ሽማግሎቹን አሰረ፤ በኡሙአሮ ዘመን ቆጣሪውን። በሁለቱም ቦታ የያዘው ማኅበረሰቡ ስለ ራሱ የሚወስንበትን እጅ ነው። እንግሊዛዊው ገዢ ሉጋርድ በናይጄሪያ ያስፋፋው በአገር ሹማምንት በኩል የመግዛት ዘዴ ንጉሥ በአብዛኛው በሌለበት፣ ልቦለዶቹ በቆሙበት በኢግቦ ምድር ንጉሥ መፍጠር ነበረበት፤ በ«የአምላክ ቀስት» ውስጥ ሹመት ካገኘ በኋላ ወገኑን የሚዘርፈው ጄምስ ኢኬዲ የዚሁ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የምሥራቅ ናይጄሪያ ሴቶች በእነዚሁ ባለ ወረቀት ሹሞችና ይመጣል በተባለው ግብር ላይ ያመፁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዊንተርቦተም ኡሙአሮን ለማፍረስ አላሰበም፤ እንዲያውም ኡሙአሮ ከኦክፔሪ ጋር በገጠመችው የመሬት ክርክር ለባላጋራው ወገን እውነቱን ስለመሰከረ ኤዜኡሉን ያከብረዋል። ያስጠራው ሊሾመው ብሎ ነው። ክፋት ሳይታሰብ እንዲህ ያለ ጥፋት መድረሱ የወቀሳውን ክብደት አይቀንሰውም፤ የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ዘመን ማን እንደሚቆጥር ሳያውቅ የሚያስተዳድር ቢሮ የቱን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል እንጂ።

የሁለቱ መጻሕፍት የአተራረክ ስልትም ከዚህ ልዩነት ይወጣል። «ነገር ሲፈርስ» አንድን ሰው ተከትሎ ይሮጣል፣ ሰውየው ሲሞት ትረካውን ለገዢው ብዕር አስረክቦ ያቆማል፤ ምጸቱ የሰላ ነው፣ ተማሪም ይወደዋል። ግን ያ ስለት ለአንባቢው ምቹ ጠላት ይሰጠዋል፤ መጽሐፉን ዘግቶ በገዢው ይናደዳል፣ ስለ ንኔካ ይረሳል። «የአምላክ ቀስት» ይህን ምቾት ይነፍገዋል። ትረካው ከካህኑ ጎጆ ወደ እንግሊዞቹ መኖሪያ፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ሚስቶቹ ጠብ፣ ወደ ገበያ ሐሜት ይዞራል፤ ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ያያል፣ ሙሉውን የሚያይ የለም። የኤዜኡሉ ልጅ ኦቢካ በአንድ ለቅሶ የሌሊቱን መንፈስ ሆኖ ሮጦ ሲሞት አባቱ አእምሮውን ይስታል፤ ሕዝቡም ኡሉ ከካህኑ ይልቅ ከወገኑ ጋር ቆመ ብሎ ራሱን ያጽናናል። ትረካው ግን ይህ ማጽናኛ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ በዚያው ገጽ ላይ ይነግረናል፤ ያ ወቅት ካህኑን ያጠፋ አምላክ ራሱን የሚያጠፋበት ወቅት ነበር። መካከለኛ ክፍሉ በሹማምንቱ ወሬ አለቅጥ መርዘሙን አልክድም። ቢሆንም ትርምስን በመረዳት ረገድ ከመጀመሪያው ልቦለድ የጠለቀ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍን የምታስተምሩ «ነገር ሲፈርስ»ን ለብቻው አታስተምሩት፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው አንባቢም «የአምላክ ቀስት»ን ያስቀድም።