ሰማንያና ቁርባን፤ ጋብቻን «ዘመናዊ ውል» እና «ነባር ሥርዐት» ብሎ በሚከፍለው አስተያየት ላይ የቀረበ ትችት

ስለ ጋብቻ የሚጻፉት የተማሪዎች ጥናቶች አብዛኛዎቹ አንድ ዐይነት መግቢያ አላቸው። ይኸውም ጋብቻ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሃይማኖት ጉዳይ እንደ ነበረና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጋብቻን በውል የሚቋቋም ዓለማዊ ጉዳይ እንዳደረገው የሚገልጽ ነው። ይህ አባባል በመማሪያ ክፍል ሲነበብ ያምራል፤ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ሸዋ ገጠር ሲወርድ ግን አይቆምም።

በአማራው ክርስቲያን ገጠር እጅግ የተለመደው ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው ሳይሆን ሰማንያ የሚባለው ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ ቀን ይቆረጣል፤ በቀኑም የሁለቱ ወገን ዘመዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋስ ይጠራሉ፤ ለልጆቹ የሚሰጠው ከብትና ገንዘብ በእማኝ ፊት ይቆጠራል። በጎጃም ማጫው ከሁለቱም ወገን የሚመጣና ተመጣጣኝ እንዲሆን የሚፈለግ ነበር። ቃሉ የሚጸናውም በንጉሥ ስም በመማል ነው፤ «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው የተጋባው በመንግሥት ስም እንጂ በመሠዊያ ፊት አልነበረም። ቄስ ቢገኝም እንደ ንስሐ አባት ወይም እንደ ሽማግሌ ሆኖ ይመርቃል፤ ባይገኝ ጋብቻው አይፈርስም። ባልና ሚስት የተለያዩ እንደ ሆነ ሁለቱም ይዘው የመጡትን መልሰው ይወስዳሉ፤ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ይህን ውል አይደለም የሚል ሰው ውል ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሊያስረዳን ይገባል።

ስሙ ከምን እንደ መጣ ሽማግሌዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይተርካሉ። ለእኛ የሚጠቅመው የቁጥር ስም መሆኑ ነው፤ የዕጣን ሽታ የለበትም። ቋንቋችንም ነገሩን አልረሳውም፤ ዛሬም በከተማ የጋብቻ ወረቀት ሰማንያ ይባላል፤ የተፋታችውም ሴት ሰማንያዋን ቀደደች ይባልላታል። ከማዘጋጃ ቤት ማኅተም በስተኋላ ያለው የአያቶቻችን ውል ነው ማለት ነው።

ቁርባንስ? ቁርባን ለካህናትና ለዲያቆናት ግዴታ ሲሆን ከሕዝቡ መካከል የሚፈጽመው ጥቂት ነበር። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ቆርበው የተጋቡ ሰዎች ሊፋቱ አይገባም። ስለዚህ ብዙ ባልና ሚስት በሰማንያ ተጋብተው፥ ልጅ አሳድገው፥ ጠባይ ለጠባይ ተዋውቀው፥ ጠጉራቸው ሲሸብት ይቆርቡ ነበር። እንግዲህ ውሉና ሥርዐቱ በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ዕድሜ የሚመጡ ደረጃዎች እንጂ የሚጣሉ ባላንጣዎች አልነበሩም። ፍትሐ ነገሥት ራሱ ከ51ዱ አንቀጾቹ የፊተኞቹን 22ቱን ለመንፈሳዊ ጉዳይ ሰጥቶ ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ የሚናገረውን ግን በ24ኛው አንቀጽ፥ በሥጋዊው ክፍል ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ማለት መጽሐፉ ጋብቻን ያለ ካህናት ጸሎት ይፈቅዳል ማለት አይደለም፤ ጸሎቱን አጥብቆ ይጠይቃል። ሆኖም የአከፋፈሉ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

ታዲያ ሁለቱን የማጣላቱ ሐሳብ ከየት መጣ? ከፈረንሳይ ታሪክ ነው። በዚያ አገር በ1792 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ጋብቻን ከቤተ ክርስቲያን እጅ አውጥቶ ለመንግሥት ሹም ሰጠው፤ ትግሉም እውነተኛ ትግል ነበር፤ ምክንያቱም መዝገቡ በቄሱ እጅ ነበርና። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያንን ጠብ እዚህ አላመጡትም፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ሕጉ በ3347ኛው ቁጥር ነባሩን ልማድ በጠቅላላው ሲሽር ለጋብቻ ግን ሦስት በር ትቷል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዐትና በልማድ። የተከፈተው በር ሁሉ ወደ አንድ ቤት ያስገባል፤ የጋብቻው ውጤትም ፍቺውም አንድ ነው።

ትችቴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰማንያ በየትኛው በር ገባ? በልማድ በር። ውል የሚለው ስም ለሹሙ ቢሮ ተሰጠ፤ ከሁሉ ይልቅ ውል የነበረው ሰማንያ ግን ከጠለፋም ከምንም ጋር በአንድ ልማድ በሚባል ከረጢት ተከተተ። ሕጉ ከሰማንያ አጥንቱን አልጣለም፤ የጋራ ንብረት እኩል መካፈልን ጠብቋል፤ ፍቺውንም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቷል። የጣለው ዋሱን ነው። በዋሱ ፈንታ መዝገብ ይቆማል ተባለ፤ ነገር ግን ያው ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የደነገገውን ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ አደረገ። በአገር አቀፍ ደረጃ የጋብቻ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከኀምሳ ዓመት በላይ መንግሥት ጋብቻን በመዝገብ ይጸናል እያለ መዝገቡ በአብዛኛው አገር አልነበረም ማለት ነው። በዚህ መካከል ባሏ የሞተባት ገበሬ ሚስት ንብረቷን ለመጠየቅ ስትቆም በእጇ ምን ነበር? ጎረቤትና ዘመድ ሚስቱ ናት ብሎ መመስከሩ ብቻ ነው። መስካሪዎቹም ብዙ ጊዜ የሟቹ ዘመዶች ናቸው፤ ከውርሱ ተካፋዮችም ጭምር። ዋስ ግን ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ በስሙ የሚታወቅ፥ የሚጠየቅም ሰው ነበር።

ሰማንያን ለማመስገን ስል ጉድለቱን ልሸፍን አልፈልግም። ውሉ የአባቶች ውል ነበር። ልጅቱ ስለ ማጫዋ ከብት ስትሰማ ስለ ባልዋ ማንነት ግን የሚጠይቃት ብዙ ጊዜ አልነበረም፤ ዕድሜዋም ገና ነበር። በዚህ ረገድ የ1952ቱ ሕግ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ግዴታ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሴት የወሰነው 15 ዓመት ግን ያሳፍራል፤ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚለውም ቃል የተሰረዘው ያን ጊዜ ነው።

የደሞዝ ጋብቻን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ነጋዴው፥ ወታደሩና ሹሙ ከአገሩ ርቆ ሲኖር ለጊዜው የሚያገባት ሴት ደሞዟ በውል ይወሰንላት ነበር። ክብር የሌለው ጋብቻ ነው ተብሎ ይናቃል፤ ይሁን እንጂ ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ በር አላበጀለትም፤ እንደዚህ የምትኖር ሴት ያለ ጋብቻ አብራ እንደምትኖር ተቆጥራ ከንብረቱ ድርሻ አልነበራትም። የ1992ቱ ሕግ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ ያፈሩት የጋራ ነው በማለት ነገሩን በከፊል አቃንቶታል።

በሌላ በኩል የእስልምናን ኒካህ «የሃይማኖት ሥርዐት» ከሚለው ዐምድ ውስጥ ብቻ የሚጽፉ ጓደኞቻችን አሉ። ኒካህ በምስክር ፊት ቃል የሚቀበሉበት፥ መህሩ የሚወሰንበት ውል ነው። ሃይማኖትና ውል በአንድ ቃል ውስጥ ሲገኙ የእነዚህ ጥናቶች ሠንጠረዥ ምን ይሁን?

ስለዚህ ለክረምት ጥናት ወደ አገር ቤት የሚወርዱ ተማሪዎች በመጠይቃቸው ላይ «የተጋባችሁት በቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ በመዝገብ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ቢያስቀድሙ ይሻላል። ዋስ ነበረን? ማን ነበር? ዛሬ በሕይወት አለን? የተቆጠረው ከብት በማን ስም ነው? ከተጋባችሁ በኋላ ቆርባችኋልን፤ በስንት ዓመታችሁ? መልሱን በጥንቃቄ የጻፈ ተማሪ ከላይ የጠቀስነውን መግቢያ ደግሞ ለመጻፍ የሚቸገር ይመስለኛል።