ደመወዝ፡ በስምምነት

ሰሞኑን ከወደ ሚዛን ስልክ ተደወለልኝ። ሚዛን ስል ሚዛን ተፈሪን ማለቴ ነው። ከአማን ጋር ተቀላቅላ «ሚዛን አማን» ከተባለች ቆይታለች፤ እኛ የድሮዎቹ ግን ስሟን እስካሁን አልለቀቅንም። የደወለው የጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመው «ጋሼ» ብሎ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ሥራ ልቀይር ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ማለት ምን ማለት ነው? ትቀይራለህ ወይስ አትቀይርም?»

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።»

ልጁ በእርሻ ትምህርት ተመርቆ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል። ደመወዙ 11,500 ብር ነው፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል የአንድ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ። የሚኖረው እናቱ ቤት ነው። ጓሮው ቡና አለው፣ ጎደሬ አለው፣ ሙዝ አለው። አሁን ታዲያ በቴፒ በኩል ቡና የሚገዛ አንድ ድርጅት 20,000 ብር እሰጥሃለሁ ብሎታል።

«እማዬ ‹ካልተገላበጡ ያራል› ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች› ይለኛል። ማንን ልስማ?»

እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው የድሮው የሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ የተነሳብኝ። ከምክር በፊት ሒስ መጣብኝ።

በመጀመሪያ ተረትና ምሳሌዎቻችንን እንያቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ለሚሄደውም ለሚቀረውም እኩል ያገለግላሉ። ሄዶ ከተሳካለት «ካልተገላበጡ ያራል ብለን ነበር»፤ ወድቆ ከተመለሰ «የቆጡን አወርድ ብላ»። ከነገሩ በኋላ ለመፍረድ የተመቹ ናቸው፣ ከነገሩ በፊት ለመወሰን ግን አይረዱም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ምጣድ ላይ የሚገላበጠው ቂጣ ነው። እንጀራ አይገላበጥም። እኛ ግን ሥራችንን የምንጠራው «እንጀራዬ» ብለን ነው። እንጀራውን እንደ ቂጣ ሊገለብጥ የተነሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ምጣድ ፊት የተቀመጠች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ መሆን የነበረበት «ልገላብጥ ወይ?» ሳይሆን «ምጣዱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ቀጥሎ ማስታወቂያውን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። «የሥራ መደቡ መጠሪያ፡ የቡና ጥራትና ግዥ ባለሙያ። ብዛት፡ 1። ጾታ፡ አይለይም። የሥራ ቦታ፡ ቴፒና አካባቢው። የቅጥር ሁኔታ፡ በኮንትራት ሆኖ እንደ አስፈላጊነቱ የሚራዘም። ደመወዝ፡ በስምምነት።»

መቼም የክፍት ሥራ ማስታወቂያን ያህል በአገራችን በጉጉት የሚነበብ ጽሑፍ የለም። ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያነበዋል። የሚያሳዝነው ታዲያ የሚፈለገው ነገር ሁሉ ያልተጻፈው መሆኑ ነው። ከሠራተኛው የሚፈለገው አንድ በአንድ ተዘርዝሯል፤ ዲግሪው፣ ልምዱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ «ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል» መሆኑ። ከአሠሪው የሚጠበቀው ግን በሁለት ቃላት አልቋል፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» እና «በስምምነት»። ለማን አስፈላጊነት? ከማን ጋር ስምምነት? ስምምነት ማለት ሁለት ሰው ተነጋግሮ የሚደርስበት ነገር ነው። በአብዛኛው ግን ትርጉሙ «ስንት እንደምንሰጥህ ስትመጣ እንነግርሃለን» ነው።

ቃሉም ራሱ ቀላል ቃል አይደለም። ደመወዝ። ደም እና ወዝ። አባቶቻችን ስሙን ሲያወጡ ምን እንደሚሸጥ አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ደምና ወዙን የሚሸጥ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ ታዲያ ለምን ነውር ሆነ? ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ደመወዝ ቀድሞ የጠየቀ ሰው «ገና ሳይጀምር ገንዘብ ገንዘብ የሚል» ተብሎ ይታለፋል። ቡና የሚገዛው ነጋዴ ግን ዋጋ ጠየቀ ተብሎ ሲታማ ሰምተን አናውቅም።

ልብ ወለዶቻችንም በዚህ ነገር ብዙ አልረዱንም። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር፣ ለሥራ ነው። እኛ የያዝነው ግን ፍቅሩን ብቻ ነው። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ላይ የበዓሉ ግርማ አበራ ወርቁ ቢሮ ተቀምጦ ልቡ ሥዕል ዘንድ ነው። እሱም ቢሆን የተጨነቀው በነፍሱ ጥሪ እንጂ ወር በማድረስ አልነበረም። ከደራሲዎቹም ሕይወት መርጠን የምናወራው የተከበረውን እምቢታ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ደርግ ያቀረበላቸውን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት አልቀበልም ማለታቸውን እናደንቃለን። ይገባቸዋል። በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ከዚያው ከካፋ ምድር ጠርዝ፣ ከጎጀብ ወንዝ ተማርከው ኢጣሊያ የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ምን እምቢ እንደሚሉ ያውቃሉ። ነገር ግን የእሳቸውን እምቢታ አንድ የወረዳ ባለሙያ ላይ አምጥቶ መጫን ሒስ አይደለም፣ ግፍ ነው። ሥልጣን እምቢ ማለትና የእህትን የትምህርት ቤት ክፍያ እምቢ ማለት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ልጄን «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ» አልኩት።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ በየደረጃው ያድጋል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታ ደግሞ በመንግሥትም በግልም ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። አሰላን። ከ11,500 ብሩ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ወጥቶ እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከ20,000 ብሩ ግብር 4,950፣ ጡረታ 1,400 ወጥቶ 13,650 ብር ይቀራል። በወሬ 8,500 የነበረው ጭማሪ በወረቀት 5,055 ሆነ።

«ቴፒ ቤት ኪራይ ስንት ይሆናል?»

«ለአንድ ክፍል ሁለት ሺህ ልበል።»

«ምግብስ? እናትህ ቤት አይደለህም።»

ዝም አለ። «ከአሁኑ ወጪዬ ላይ ሦስት ሺህ ይጨምራል።»

የቀረው 55 ብር ነው። ሁለታችንም ሳቅን። በ55 ብር እንኳን የቡድን ጓደኞቹን ቡና ሊጋብዝ፣ ቅዳሜ እናቱን ሊጠይቅ ከቴፒ ሚዛን ያለውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አይመጣባትም።

«እንግዲያው ልቅር?» አለኝ።

አይ፣ እንደዚያም አላልኩም። የሒሳቡን አንድ ጎን ብቻ ነው ያየነው። ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የዛሬ አምስት ዓመት ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። «ያው እንደዛሬው» አለኝ። ድርጅቱ ዘንድ ግን የቡና ደረጃ ማውጣትና ቅምሻ ይማራል። ያ ሙያ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚሄድ ነው፤ ድርጅቱ ቢዘጋ አብሮ አይዘጋም። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ገንዘብ የልጁ አገር ሰው የሚደርሰው ቀይ ቡና ለቅሞ በመሸጥ ብቻ ነው ወይስ ቀምሶ ደረጃውን በመናገርም? ይሄም ጥያቄ ነው።

ግን እዚያው ላይ አንድ ነገር አለ። በየካቲት 2017 የዓለም የቡና ዋጋ ከፓውንድ 4 ዶላር በላይ ሲወጣ ያየነው ሁሉ ወደ ቡና ሮጧል። ዋጋ ሲወጣ የተቀጠረ ሰው ዋጋ ሲወርድ ምን ይሆናል? «በኮንትራት ሆኖ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ለዚያች ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይዘልቃል፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብተው ይችላል። 60 የሥራ ቀን ደግሞ ከአንድ የቡና ለቀማ ወቅት ብዙ አያንስም።

ይሄን ነገር ከሁላችን የተሻለ የሚያውቁት ቡና ለቃሚዎች ናቸው። ለቀማ ሲደርስ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ተነስተው ወደ በበቃና ወደ ሌሎቹ የቡና እርሻዎች ይወርዳሉ። በበቃ የመንግሥት እርሻ ነበረ፣ ወደ ግል ተዛወረ፤ ለቃሚው ግን ያው ነው። አንድ ጊዜ ሚዛን መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ሲነጋገሩ አዳምጫለሁ። «በኪሎ ስንት ነው?» አሉ። ብዙ ይከፍላል የተባለውን እርሻ ስም ሲሰሙ ግን አልተነሱም። «ማደሪያ አለው? የሚከፍለው በሳምንት ነው ወይስ መጨረሻ ላይ? ሚዛኑን የሚይዘው ማነው?» ፊደል ያልቆጠረ ሰው አራት ጥያቄ ጠየቀ። እኛ ዲግሪ የጫንነው አንዱን ብቻ ጠይቀን ሻንጣ እናዘጋጃለን።

እኛ ስል ራሴን ማለቴ ነው። ልጁ ያልጠየቀኝን ልናገር። እኔ ማስተማሩን የተውኩት በብር ነው። አንድ ቦታ ሦስት እጥፍ ደመወዝ ሰጡኝ፤ በሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ ጥዬ ወጣሁ። ለሰው ሁሉ «ለውጥ ፈልጌ ነው» አልኩ። ቤቴን ያቆምኩት፣ ልጆቼን ያስተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው፤ አልጸጸትም። ከዓመታት በኋላ ግን መርካቶ አካባቢ አንዲት ሴት አስቆመችኝና ስሜን ጠራች። የመመረቂያ ጽሑፏን አማክራት ነበር። «መምህር፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ጥለውኝ ሄዱ» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔን የገረመኝ ምዕራፉን ማስታወሷ ነበር።

የመልቀቅ ጥፋቴ እሱ ነው። ለብር መሄዴ አይደለም፤ ሰዓቱን አለመምረጤና ምክንያቱን መዋሸቴ ነው። መንፈቁን ብጨርስ ብሩ አይጠፋም ነበር። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ሚዛን ቴፒን የመሰሉ ሩቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወይም ደቡብ ምዕራብ በኅዳር 2014 ክልል ሲሆን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በቴፒና በሚዛን የተደራጁት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲለቅባቸው «ከሃዲ» ከማለት በፊት ለሚቀረው ሰው ምን እንዳዘጋጁ መጠየቅ አለባቸው። የሚለቀው ሰው ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ላይ ማን እንደቀረ ይጠይቅ።

ልጁን በመጨረሻ ያልኩት ይሄንን ነው። «ሂድም ቅርም አልልህም። ለቃሚዎቹ የጠየቁትን ሄደህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ደግሞ ያንተ ገበሬዎች ምዕራፍ ስንት ላይ ናቸው?»

«ችግኝ ላይ ናቸው፣ ጋሼ። እስከ ሰኔ ተከላ ነው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ድርጅቱ ኮንትራቱ እስከ ለቀማው መጨረሻ ብቻ ነው ብሎታል። እሱም ሁለት ለቀማ የሚሸፍን ኮንትራት፣ ማደሪያና የቅምሻ ሥልጠና በጽሑፍ ከሰጡት ተከላውን ጨርሶ በሐምሌ እንደሚመጣ ነግሯቸዋል።

«ምን አሉህ?»

«‹እናስብበት› አሉኝ።»

«እናትህስ?»

«‹ዘጋሃቸው› ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ጨሞ አፈላችልኝ።»

እሱም እየጠበቀ ነው፣ እነሱም እያሰቡ ነው። ይቅጠሩት አይቅጠሩት እንጃ። ማስታወቂያው ላይ «በስምምነት» ተብሎ የተጻፈው ግን ይሄው መሰለኝ።