የዓለም ፍጻሜ ወይስ የጎረቤት አገር? ስለ «ክራምብስ» ፊልም

በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዓሥርታት በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሲኒማ አዳራሽ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ብዙዎች የኋላ ቀርነት ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ሕዝቡ ሥጋ ሳይኖረው የሚራመድ፥ ትንፋሽ ሳይኖረው የሚስቅ ፍጡር ባየ ጊዜ፥ በባህሉ ውስጥ በነበረው የረቂቃን ፍጥረታት መደብ ፈረደ እንጂ እንዲያው አልተናገረም። ስለዚህ ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ አንድ ጥያቄ ይዞ ገባ፤ ይኸውም፥ የሚያስፈራው ነገር እንግዳ የሆነው ለማን ነው? የሚል ነው።

ይህንኑ ጥያቄ እስፓኛዊው ሚጌል ልያንሶ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» እንደገና ያነሣዋል፤ የስሙም ትርጉም «ፍርፋሪ» ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.) በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል የታየው ይህ የ68 ደቂቃ ሥራ፥ ከተለመደው የወጡ ፊልሞችን ፈልገው በሚመለከቱ ወዳጆች ዘንድ ስም አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ጥንዶች በተተወ የቦውሊንግ ቤት ይኖራሉ፤ በሰማይ የጠፈር መርከብ ተንሳፍፋለች፤ የመደብር ዕቃ ክታብ ሆኗል፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳንም ይመለካል።

የፊልሙ ብርታት እዚህ ላይ ነው። በዛር ሥርዓት ቀለበትም ሆነ ሽቱ ዋጋ የሚያገኘው ዛሩ ስለ ጠየቀው ነው፤ ጠያቂውም ውሉም የታወቀ ነው። በፊልሙ ግን ዕቃው የከበረው ምንጩ ስለ ተረሳ ነው። ተመልካቹ የሚስቀው ባለ ታሪኮቹ የረሱትን እርሱ ስለሚያውቅ ነው። ይህም ሳቅ የሮተርዳም ሰው ብቻ አይደለም፤ ማይክል ጃክሰንን ኮምቦልቻም ታውቀዋለች። ስለዚህ ፊልሙ በኢትዮጵያዊ ላይ ይሳለቃል የሚል ክስ ቢነሣ፥ በዚህ ረገድ አይጸናም።

ድካሙ በመልክዓ ምድሩ ላይ ይገለጣል። የዳሎል ቢጫ ድኝና ጨው ለባዕድ ተመልካች የሌላ ዓለም ምድር ይመስላል፤ ፊልሙም የዓለም ፍጻሜ አድርጎ ያቀርበዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለደጋን ሰው ግን፥ ዳሎል ራሱ ሩቅ ቢሆንም፥ አፋር ሰው አልባ ምድር አይደለም። ሰኞ ሰኞ ግመሉን እየነዳ ወደ ባቲ ገበያ የሚወጣ የጎረቤት አገር ነው። አሞሌውም ከዚያው ቆላ ተቆርጦ በደጋው ለዘመናት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። የሰውን መኖሪያና የሥራ ቦታ ባዶ አድርጎ ማሳየት ያለ ድካም የተገኘ አስፈሪነት ነው።

«የሰይጣን ቤት» ያሉት ሰዎች እንግዳውን ነገር በራሳቸው ሚዛን መዘኑት፤ «ክራምብስ» ግን ለሌላው ቤት የሆነውን እንግዳ አደረገው። ፊልሙ በዕቃዎቹ ብልህ፥ በምድሩ ቸልተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመረምር ተማሪም፥ ያስፈራል ወይስ ያስቃል ከማለቱ አስቀድሞ፥ በመጋረጃው ላይ የሚታየው ምድር የማን መኖሪያ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።