በ138ኛው ጎዳና ያለችው «አቢሲኒያ»፦ የአንድ ጥንታዊ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን አመሠራረት ትረካ ሲመረመር

በኒውዮርክ ሐርለም የምትገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን አመሠራረት በሁለት መልክ ይተረካል። ሁለቱም አንድ መነሻ አላቸው፦ በ1808 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥቁር ምእመናን በዘር ለይቶ ከሚያስቀምጣቸው የከተማዋ ቀዳማዊ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ለቀው ወጡ። የሚለያዩት ማን ቀድሞ ተነሣ በሚለው ላይ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የቤተክርስቲያኗ ትውፊት መሠረት፣ በባሕር የመጡ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ለጸሎት ገብተው በጥቁሮች መቀመጫ እንዲቀመጡ ቢነገራቸው አሻፈረኝ ብለው ወጡ፤ አፍሪካ አሜሪካውያኑም ተከተሏቸው። ሁለተኛው ትረካ ነጋዴዎቹን ሳያነሣ መሥራቾቹ በራሳቸው ውሳኔ እንደወጡ ይናገራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ስንሰማ ደረታችንን መንፋት ይቀናናል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ትረካው ለእኛ ከሚሰጠው ክብር ይልቅ ከመሥራቾቹ የሚወስደው ይበልጣል የሚል ነው። የቤተክርስቲያኗና የኢትዮጵያ እውነተኛ ትስስርም ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በተግባር የተገኘ ነው።

ነጋዴዎቹ ነበሩ?

በ1808 ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። ምጽዋ በኦቶማን ስም በናይቡ (በአካባቢው ገዥ) እጅ ነበረች። ከደጋው ወርዶ ወደ ጂዳና ወደ ሞካ የሚሻገረውን የሩቅ ንግድ በአብዛኛው የያዙት ጀበርቲዎች፣ ማለትም ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ኒውዮርክ ድረስ ዘልቀው፣ ያውም በባፕቲስት ጉባኤ ለመጸለይ ገቡ ማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን የማሳቹሴትሷ ሴለም መርከቦች ቡና ፍለጋ ሞካ ይደርሱ ነበር። አንድ ሐበሻ በአንዱ ተሳፍሮ ወይም ተቀጥሮ አትላንቲክን ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ፈጽሞ አልሆነም ለማለት ባያስደፍርም፣ ሆኗል ለማለት ትውፊቱ ብቻውን አይበቃም።

የስያሜውም ጉዳይ ነጋዴ የግድ አያስፈልገውም። በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በ1826 ስድስት ጥቁሮች በአንድ ቤተክርስቲያን የደረሰባቸውን ንቀት በጋዜጣ ገልጸው ተቃወሙ፤ በ1828 የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙም «አቢሲኒያ» አሉት። ምክንያቱም ስሙም አንድ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ግን በታሪኩ የለም። መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ ላደገ የዚያ ዘመን ጥቁር ክርስቲያን፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለመዘርጋቷ የሚናገረው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ብቻ ለስያሜ በቂ ነበር።

የነጋዴዎቹ ትረካ የሚሸፍነው ትልቁ ነገር የመሥራቾቹ ድፍረት ነው። በኒውዮርክ ግዛት ባርነት ገና አልጠፋም ነበር፤ የ1799ኙ ሕግ ቀስ በቀስ ነፃ ማውጣትን ጀምሮ ባርነት ጨርሶ የተሻረው ጁላይ 4 ቀን 1827 ነው። በዚህ መሀል ከነጮች ጉባኤ ወጥቶ የራስን ቤት ማቆም ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በቦስተን በ1805 የአፍሪካውያን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ያቋቋሙት ሰባኪ ቶማስ ፖል መጥተው አደራጇቸው። በፊላደልፊያም ሪቻርድ አለንና ባልደረቦቻቸው በተመሳሳይ ምክንያት ከነጮች ቤተክርስቲያን ከወጡ ቆይተዋል። እንቢታን ከባሕር ማዶ መማር አላስፈለጋቸውም።

ከመቀመጫ ወደ ርስት

ምእመናኑ እንደ ከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ወደ ሰሜን እየተገፉ፣ ከታችኛው ማንሃተን ተነሥተው በ1902 አርባኛው ጎዳና ደረሱ። በ1908 መጋቢ የሆኑት አዳም ክሌይተን ፓወል (አባት) ወደ ሐርለም እንሂድ ሲሉ ብዙዎች ባይስማሙም፣ በ1920 መሬት ተገዛ፤ በ1923 የጎቲክ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ተመረቀ። አሥራት እየተሰበሰበ ዕዳው በ1928 ተከፍሎ አለቀ። በክፉ መቀመጫ የተነሣ የወጣ ጉባኤ፣ አሁን ማንም ተነሣ የማይለው ርስት ያዘ።

ይህ ነፃነት በሥራ ላይ ሲውል በግልጽ ይታያል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ልጁ አዳም ክሌይተን ፓወል ለተራቡት ምግብ ያከፋፍሉ ነበር። ጥቁር ከማይቀጥሩ ሱቆች አንገዛም የሚለውን ዘመቻ መሩ፤ በ1941 የከተማ አውቶቡሶች ጥቁር ሾፌሮችን እንዲቀጥሩ አድማ አስተባበሩ፤ ከ1945 ጀምሮም በአሜሪካ ምክር ቤት ተቀመጡ። በ1930–31 በዩኒየን ሴሚናሪ የተማረው ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ምሁር ዲትሪሽ ቦንሆፈር በዚህችው ቤተክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሯል።

ትረካው እውነት ሲሆን

ፋሺስት ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ስትዝት፣ ወረራው ከመጀመሩ ከወራት በፊት በ1935 ሺዎች በዚህ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ብዙ ጥቁር ወጣቶች ልንዘምት ብለው ሲመዘገቡ፣ በባዕድ ጦር ማገልገልን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ አገዳቸው። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ ሆነው ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ በ1937ም በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁመው ለስደተኞችና ለአርበኞች ድጋፍ ሲያሰባስቡ ቆይተው በ1940 አረፉ። በአፈ ታሪኩ ኢትዮጵያዊ ለአሜሪካዊው ጥቁር ይቆማል። በሰነድ በተረጋገጠው ታሪክ የቆመው የሐርለም ሕዝብ ነው፤ ያውም ራሱ ሥራ አጥቶ በተራበበት ሰዓት።

በ1954 አጼ ኃይለ ሥላሴ ቤተክርስቲያኗን ጎብኝተው ለፓወል (ልጅ) የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ፤ ጉባኤውም መስቀሉን ዓርማው አደረገው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና የምታነሣው ቤተክርስቲያን መስቀል፣ አምኖ የመሰከረን አዋቂ ብቻ ውኃ ውስጥ አጥልቆ ለሚያጠምቅ ጉባኤ ምልክት ሆነ። በዶግማ ሲታይ የማይገጥም ነው። ሆኖም በ1935 የተከፈለውን ያስታወሰ ስጦታ ነበርና በምስጋና ዓይን ሊነበብ ይችላል። የ200ኛ ዓመት በዓሏን ልታከብር ስትሰናዳም በ2007፣ በእኛ ሚሌኒየም መባቻ፣ ከ150 በላይ ምእመናኗ ኢትዮጵያን ጎበኙ።

የዚህ ታሪክ ሁሉ ገጽ ግን ብሩህ አይደለም። በ1989 የተቋቋመው የቤተክርስቲያኗ የልማት ድርጅት ቤቶችና ትምህርት ቤት በማሠራት ቢመሰገንም፣ ታሪካዊውን የሬኔሳንስ ዳንስ አዳራሽ ገዝቶ ከዓመታት በኋላ ለአልሚ መሸጡና አዳራሹ መፍረሱ አስወቅሶታል። ርስት መያዝ ነፃነት የሰጣትን ያህል የገበያ ፈተናም አመጣባት።

ለታሪክ ጸሐፊዎቻችን የሚቀረው ሥራ ግልጽ ይመስለኛል። የ1808ቱን ነጋዴዎች ፍለጋ ይቆይ። ሰነድ ያለው የ1935ቱ ስብሰባ፣ የተመዘገቡት ወጣቶችና ገንዘብ ያዋጡት ምእመናን በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ታሪካችን ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባቸዋል። ይህ ሲሆን ቤተክርስቲያኗን የምናወሳት ስማችንን ስለወሰደች መሆኑ ይቀርና፣ በቸገረን ጊዜ ስላደረገችልን ይሆናል።