የዞልፒዴም መግለጫ ሲመረመር

ከመድኃኒት ጋር በካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ወረቀት እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ታማሚው ፊደሉ ስለሚያንስበት፣ ሐኪሙ ጊዜ ስለሚያጥረው፣ የፋርማሲ ባለሙያውም የሚያውቀው ስለሚመስለው ይተዉታል። ይሁን እንጂ ይህ ወረቀት አንድ መድኃኒት ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ አምራቹ ጽፎ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አጽድቆ ያወጣው ሰነድ በመሆኑ እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ሊነበብና ሊተች ይገባዋል። የዞልፒዴም መግለጫ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ በእጅጉ ይመቻል። በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ የታረመ ሲሆን፣ ከእርማቶቹ ዋና ዋናዎቹ የመጡት መድኃኒቱ በብዙ ሰዎች እጅ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዞልፒዴም በፈረንሳይ አገር የተሠራ፣ በአውሮፓ ስቲልኖክስ፣ በአሜሪካ አምቢየን በሚሉ የንግድ ስሞች የታወቀ፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለገበያ እንዲቀርብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ነበር። በኬሚካዊ አወቃቀሩ ከቤንዞዲያዜፒኖች ወገን ባይሆንም፣ እንደ እነርሱ ሁሉ የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ባለው የጋባ ተቀባይ ላይ ነው። ግማሽ ዕድሜው በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ትልቅ ተስፋ ተወለደ፤ ይኸውም እንደ ዲያዜፓም በማግስቱ የማያደነዝዝ፣ በቶሎ አስተኝቶ ሲነጋ ከደም የሚጠፋ መድኃኒት ተገኘ የሚል ነበር። ተስፋው ሐኪሞችን መማረኩ አያስደንቅም። ድክመቱ ግን በአማካይ ላይ መቆሙ ነው። መግለጫው ራሱ እንደሚያሳየው በጤናማ ሰዎች ላይ የተለካው ግማሽ ዕድሜ ከ1.4 እስከ 4.5 ሰዓት ይደርሳል። በአንደኛው ጫፍ ያለው ሰው ሲነጋ ነጻ ሲሆን፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው መኪናውን የሚያስነሣው መድኃኒቱን በደሙ ይዞ ነው።

የዚህ ግድፈት ዋጋ በይበልጥ የታየው በሴቶች ላይ ነው። ሴቶች ዞልፒዴምን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት ከወንዶች ይልቅ ቀስ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ባወጣው ማስታወቂያ፣ 10 ሚሊ ግራም ከወሰዱ ከስምንት ሰዓት ገደማ በኋላ ከሴቶች 15 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 3 በመቶው መኪና የመንዳት ችሎታን ሊያውክ የሚችል መጠን፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ50 ናኖግራም በላይ እንደተገኘባቸው ገለጸ። ቀስ በቀስ በሚለቀቀው የ12.5 ሚሊ ግራም ዓይነት ደግሞ ቁጥሩ በሴቶች 33፣ በወንዶች 25 በመቶ ነበር። በዚህም መሠረት ለሴቶች የሚታዘዘው የመነሻ መጠን ከ10 ወደ 5፣ ከ12.5 ወደ 6.25 ሚሊ ግራም ዝቅ እንዲል ተደረገ።

ውሳኔው ተገቢ ነበር። የሚያስተቸው መዘግየቱ ነው። መድኃኒቱ ከተፈቀደ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከዚህም የሚብሰው፣ ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ኢንተርሜዞ የተባለውን፣ እኩለ ሌሊት ለሚነቁ ሰዎች የተዘጋጀውን አነስተኛ የዞልፒዴም ክኒን ሲፈቅድ ለሴቶች 1.75፣ ለወንዶች 3.5 ሚሊ ግራም ብሎ ለይቶ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ አንዱ ንጥረ ነገር በሁለት መግለጫዎች ሁለት ሕግ ነበረው፦ በአንደኛው ሴት የወንድ ግማሽ ትወስዳለች፣ በሌላኛው እኩል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ አንባቢ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዴቪድ ግሪንብላት የተባሉት የፋርማኮሎጂ ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደም ውስጥ የታየው ልዩነት በሴቶች ላይ የተለየ አደጋ ለማስከተሉ በቂ ማስረጃ የለም ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ሊናቅ አይገባውም። ሆኖም የመነሻ መጠንን ማሳነስ የሚያስከትለው ጉዳት ቢኖር አንድ ሌሊት ያልጠገቡት እንቅልፍ ሲሆን፣ አለማሳነስ የሚያስከትለው ግን በጎዳና ላይ ሌላውንም ሰው ሊነካ ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ እርማት የሚመለከተው አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ስም ያወጣለትን ነገር ነው። ሰው «በእንቅልፍ ልቡ» ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ በር ይከፍታል ይባላል። ዞልፒዴምና ዘመዶቹ ይህንኑ ሊያመጡ እንደሚችሉ በአሜሪካ መግለጫዎች ላይ ተጠናክሮ እንዲጻፍ የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በማግስቱ ዓመት የአውስትራሊያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዘዘ። የአሜሪካው እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ እስከ ኤፕሪል 2019 ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። በዚያን ጊዜ የቀረበው መረጃ በ26 ዓመታት ውስጥ በዞልፒዴም፣ በኤስዞፒክሎንና በዛሌፕሎን ምክንያት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን 66 ሰዎች የሚዘረዝር ሲሆን፣ ከእነርሱ 20ዎቹ ሞተዋል። በውኃ የሰጠሙ፣ ከከፍታ የወደቁ፣ በብርድ የደነዘዙ፣ በከሰል ጭስ መርዝ የታፈኑ፣ መኪና እየነዱ የተጋጩ ይገኙባቸዋል። አንዳንዶቹ ይህ የደረሰባቸው በመጀመሪያው ክኒን፣ ያውም በዝቅተኛው መጠን ነበር። አስቀድሞ በእንቅልፍ ልብ የመሄድ ታሪክ ያልነበራቸውም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ላጋጠመው ሰው መድኃኒቱ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ስድሳ ስድስት የሚለው ቁጥር በሁለት በኩል በስሕተት ሊነበብ ይችላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማዘዣዎች ላይ ሲካፈል ከምንም አይቆጠርም የሚል ይኖራል፤ መድኃኒቱ ገዳይ ነው የሚልም እንዲሁ። ቁጥሩ ግን በፈቃደኝነት ከተላኩ ሪፖርቶችና ከታተሙ የሕሙማን ታሪኮች የተሰበሰበ ስለሆነ የድርጊቱን መጠን አይለካም፣ መኖሩን ብቻ ይመሰክራል። በተጨማሪም ይህ ጉዳት በባሕርይው ራሱን የሚሰውር ነው። መድኃኒቱ የማስታወስ ችሎታን ስለሚያቋርጥ ታማሚው ሌሊት ያደረገውን አያውቅም። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን «ደኅና ተኛህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው እውነቱን ነው ብሎ «አዎን፣ ደኅና ተኝቻለሁ» ይላል። ወጥ ቤት ገብቶ ምድጃ መለኮሱን የምታውቀው ባለቤቱ ናት። የመግለጫው ታላቅ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፦ ለታማሚው የተጻፈው ክፍል ማስጠንቀቂያውን የሚሰጠው ሊያስታውስ ለማይችለው ሰው ነው። አብረው የሚያድሩት ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንዲከታተሉ መነገር እንዳለበት በጉልህ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

በአንጻሩ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ለአሜሪካው መሥሪያ ቤት የቀረቡ 13 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ከማስመሰያ ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ እንቅልፍ እስኪወስድ ያለውን ጊዜ በመሣሪያ ሲለካ በ22 ደቂቃ ያህል እንደሚያሳጥሩ አሳይቷል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ለሚሠቃይ ሰው ትንሽ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በሚዛኑ ሌላ ወገን የሚቀመጠው የታማሚው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በተኝቶ ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ዞልፒዴም ታዞላቸው ከወሰዱት መካከል 3.04 በመቶው፣ ታዞላቸው ካልወሰዱት ደግሞ 0.71 በመቶው በሆስፒታሉ ውስጥ መውደቃቸውን መዝግቧል። ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የሚዘረዝረው የቢርስ መስፈርትም ይህን ቡድን ማስወገድን ይመክራል። መግለጫው ለአረጋውያን 5 ሚሊ ግራም በማለቱ ብዙ አዛዦች ጉዳዩን የተዘጋ አድርገው ይወስዱታል፤ አሮጊት ግን ሌሊት ለሽንት ስትነሣ ዳሌዋን ለመስበር አንድ መንገዳገድ ይበቃታል።

በዚያው ሰነድ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሊቀመጥ ሲገባው መሐል የተቀበረ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። እንቅልፍ ማጣቱ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ታክሞ ካልተሻለ ሌላ የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ይመርመር የሚል ነው። የድባቴ ሕመም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም የሚመጣው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የአንድ ወር ክኒን አስይዞ መላክ ሕመሙን ከመሸፈኑም በላይ ለአደጋ የሚያጋልጠውን መሣሪያ በእጁ መስጠት ይሆናል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ መሰጠት ያለበት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና መሆኑን አስታውቋል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሐኪም የሩቅ ወሬ አይደለም። መድኃኒቱ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ አገር ሊመጣ ይችላል፤ መግለጫው በእንግሊዝኛ ነው፣ ክኒኖቹም ከነአካቴው ያለ ካርቶን ሊደርሱ ይችላሉ። ከዚህም በላይ በውጭ ያለው ወረቀት የማያውቃቸው ሁኔታዎች እዚህ አሉ። ሪፋምፒሲን የዞልፒዴምን ጠቅላላ የደም መጠን በ73 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ «አልሠራልኝም» ብሎ ክኒኑን ቢደራርብ፣ ከዚያም የነቀርሳ ሕክምናውን ሲጨርስ በዚያው መጠን ቢቀጥል ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ከመኝታ በፊት አረቄ ወይም ቢራ ይጠጣል። በዚያ ላይ የእንቅልፍ ክኒን ሲጨመር፣ አልኮልና ዞልፒዴም ተባብረው ትንፋሽንና ንቃትን ያዳክማሉ። ጫትና ጨብሲ ሳይጠየቅ የተጻፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ማዘዣ ግማሽ ምርመራ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ቀን የሚተኛ፣ ወይም ጎህ ሳይቀድ ታክሲ የሚያስነሣ ኢትዮጵያዊ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ሊያሟላ የሚችልበት ቀን በሳምንት ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ ክኒኑ ሊታዘዝለት አይገባም።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መርሐ ግብር አባል ናት፤ የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያው ቢጫ ቅጽም ለጤና ባለሙያዎች ተዘጋጅቷል። በቅጹ ላይ ሌሊት የሆነውን ሊያስሞላ የሚችለው ግን ታማሚው ራሱ ሳይሆን፣ ከምርመራ ክፍሉ ውጭ በወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት።