ዱካ የማይተው ቤት

ስለ ኪነ ሕንፃችን በተጻፈ ቁጥር የሚነሡት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር አብያተ መንግሥት ናቸው። ሁሉም ድንጋይ ናቸው፤ ሁሉም ለዘመናት እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ለመነሣት ተብሎ የሚሠራ ቤት ግን ከጥበብ ተራ ሲገባ እምብዛም አይታይም። የዚህን ሚዛን ጉድለት ለመረዳት በከሚሴ አካባቢ የሚገኘውን የጨፋን ሜዳ መመልከት ይበቃል።

ጨፋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ነው። በጋው ጠንቶ ቆላው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደሮች ግመልና ከብታቸውን እየነዱ ወደዚህ ይወጣሉ፤ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎችም ይሰማሩበታል። አፋሮቹ ይዘውት የሚጓዙት ቤት ደቦይታ ይባላል። ሰሌኑን ከዘንባባ ቅጠል የሚታቱትም፣ ቤቱን የሚያቆሙትም ሴቶች ናቸው። እንጨቶች ጎብጠው ይታሰራሉ፤ ሰሌን ይለብሳሉ። መሠረት አይቆፈርም፤ ምስማር አይመታም። የቤቱ ጽናት የሚመነጨው ከቅስቱ ውጥረትና ከቋጠሮው ነው። የመነሻው ቀን ሲደርስ ቋጠሮው ይፈታል፤ ቤቱም በግመል ይጫናል። የሚቀረው የምድጃ አመድና የእንጨቶቹ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ ይደፍነዋል።

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በላሊበላ፣ ሌላ ዓይነት ጊዜያዊ ሥራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ አራት ታላላቅ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ቆሙ። የታሰቡት ውቅሩን ከዝናብ እንዲጠብቁና ጊዜያቸው ሲያበቃ ዓለቱን ሳይጎዱ እንዲነሡ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ነዋሪዎቹ የቅርሱ ይዞታ አስግቷቸው፣ መጠለያዎቹም ይነሡ ብለው ሰልፍ ወጡ። በንድፍ ላይ «ይነሣል» ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የሚያነሣውን እጅ ማዘጋጀት ግን ሌላ። በደቦይታ የምትፈታው ያችው የቋጠረችው እጅ ናት፤ ልጅቷም ከእናቷ መሥሪያውንና መፍቻውን በአንድነት ትማራለች።

ይሁንና ደቦይታን አወድሶ ማለፍ ሒስ አይሆንም። የጥበቡ ፍጹምነት ለባለቤቶቹ ጠንቅ ሆኗልና። ጨፋ በእርሻ እየተያዘ ግጦሹ ሲጠብ፣ አጥር ያጠረ ሰው አጥሩ ይመሰክርለታል፤ በየበጋው መጥቶ ሣሩን እንደነበረ ትቶ የሄደው ግን ምስክር የለውም። መሬቱን ባለመጉዳቱ በመሬቱ ላይ እንዳልኖረ ይቆጠራል።

ስለዚህ የንድፍ መምህሩ ከሐውልቱ ጎን ቋጠሮውንም ለተማሪው ያሳይ፤ ሠዓሊውም ቤቱ የቆመበትን ሰሞን በሸራው ያኑር። የጨፋ ሣር ተመልሶ ሲበቅል፣ በቦታው ላይ ሰው በጥንቃቄ እንደኖረበት ማስረጃ ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል።